የሰረዝነው ፎቶ ሌላ ሰርቨር ላይ ሲገኝ

ፌስቡክ ላይ ያወጣነውን ፎቶ ስንሰርዝ ትእዛዙ የሚሄደው ወደ አንድ ባለቤት ነው። ማስቶዶን ላይ ግን እንዲህ ያለ ባለቤት የለም። ኦይገን ሮችኮ ጀርመን ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስጀመረው ይህ ማኅበራዊ መረብ በልዩ ልዩ ሰዎችና ማኅበራት የሚተዳደሩ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች ተያይዘው የሚሠሩበት ነው። «ሰርዤዋለሁ፤ ግን አሁንም ይታያል» የሚለው አቤቱታ የሚመነጨውም ከዚሁ አሠራር ነው።

አንድ ሰው ፎቶ ሲለጥፍ ዋናው ፋይል በራሱ ሰርቨር ይቀመጣል። ተከታዮቹ ያሉባቸው ሰርቨሮች ደግሞ መልእክቱ ሲደርሳቸው የፎቶውን ቅጂ አውርደው በየራሳቸው ማከማቻ ያኖራሉ። ሲሰረዝ ታዲያ ቅጂው ላለበት ሁሉ መርዶ መላክ አለበት። ሰርቨሮቹ የሚነጋገሩበት አክቲቪቲፐብ የተባለው ፕሮቶኮል፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የጸደቀው፣ ለዚህ የተለየ የስረዛ መልእክት አለው።

መርዶው ግን ለሁሉም አይደርስም። ተቀባዩ ሰርቨር በዚያች ሰዓት ተቋርጦ ከነበረ ላኪው ደጋግሞ ይሞክርና በመጨረሻ ይተወዋል። ከዚህ የባሰም አለ። ላኪው መልእክቱን የሚያደርሰው ለሚያውቃቸው ነው፦ ተከታዮች ላሉባቸው፣ ፖስቱን ላጋሩና መልስ ለሰጡ። ሊንኩን አንድ ሰው በፍለጋ ሳጥን አስገብቶ ወደ ሌላ ሰርቨር ከሳበው ግን ዋናው ሰርቨር ይህን ልብ ላይል ይችላል። ደርሶትም ቢሆን ተቀባዩ እንዲፈጽም የሚያስገድደው ኃይል የለም። በእኔ አስተያየት ከራሳችን ሰርቨር ውጭ ላለው ቅጂ ቁልፉ «እንዲሰረዝ ጠይቅ» ቢባል ይሻል ነበር።

አንዳንዴ ግን ችግሩ ያለው እኛው በተጫንነው ቁልፍ ላይ ነው። «ሰርዞ እንደገና መጻፍ» የሚለው ምርጫ ፖስቱን ያነሣል እንጂ ፎቶውን ለአዲሱ ረቂቅ ያቆየዋል። ፖስቱን አርሞ ፎቶውን ብቻ ማውጣትም ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ሥራ ነው የሚሠራው፤ የእርማት ታሪኩ የቀድሞውን ፎቶ ይዞ ይቆያልና። የቤት አድራሻ ወይም የልጅ ፊት የሚታይበት ፎቶ ከሆነ ፖስቱን ሙሉ በሙሉ መሰረዝ ነው እንጂ እርማት አይበቃም። ተጭኖ ሳይለጠፍ የቀረ ፋይል ግን ብዙም አያሳስብም፤ ማስቶዶን አንድ ቀን ያለፈውን ራሱ ያጸዳዋል።

ቅጂው የት እንደቀረ ለማወቅ የፖስቱን ሳይሆን የፎቶውን የራሱን ሊንክ በአዲስ የግል መስኮት መክፈት ነው። በተለመደው መስኮት ከከፈታችሁት የራሳችሁ ብራውዘር ያስቀመጠውን ልታዩ ትችላላችሁ። ከተከፈተ አድራሻውን አንብቡ። የራሳችሁ ሰርቨር ስም ካለበት ፋይሉ ገና በመጥፋት ወረፋ ላይ ነው፣ ወይም ፎቶዎችን ለማፍጠን ከፊት የተቀመጠው ጊዜያዊ ማከማቻ አሮጌውን እያቀበለ ነው፤ ጥቂት ጠብቃችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። የሌላ ሰርቨር ስም ካለና በመንገዱ ውስጥ «ካሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከታየ ግን ከውጭ የተወሰደ ቅጂ ነው።

ለዚህኛው ጊዜ ራሱ ሊያግዝ ይችላል። ብዙ አስተዳዳሪዎች ዲስክ እንዳይሞላባቸው ከውጭ የመጡ ፎቶዎችን በየጊዜው ያጸዳሉ፤ ለዚህ የተሠራው የማስቶዶን ትእዛዝ ሌላ ቁጥር ካልተሰጠው ከ7 ቀን በላይ የቆዩትን ያነሣል። ዋናው ፋይል ቀድሞ ከጠፋ የጸዳው ቅጂ ከምንጩ ተመልሶ ሊወርድ አይችልም። ማጽጃውን ያላበራ አስተዳዳሪ ጋ ግን ቅጂው ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ስክሪንሾት ያነሣ ሰው ስልክ ውስጥ ያለውን ደግሞ የትኛውም ፕሮቶኮል አይደርስበትም።

ጠብቃችሁ ካልጠፋ ቅጂው ላለበት ሰርቨር አስተዳዳሪ በአክብሮት ጻፉለት፤ ስትጽፉም የፎቶውን የራሱን ሊንክ አያይዙ። በፖስቱ ሊንክ ብቻ ፋይሉን ፈልጎ ማግኘት ለእሱም አስቸጋሪ ነው።