አንድ ጭነት ለብዙ ተቀባይ
ራውተር የተቀባዮቹን መዝገብ እንዴት ይይዛል?

ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ የምትገኘው ጀልዴሳ፥ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት፥ ከዘይላ ወደ ሐረር ለሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ዋና ማረፊያ ነበረች። ከባሕር ጠረፍ በግመል የመጣው ዕቃ በዚያ ይራገፍና የሐረርን ዳገት ለመውጣት በበቅሎና በአህያ ይጫን ነበር። መንገዱ አንድ እስከ ሆነ ድረስ ጭነትን በአንድነት ማስኬድ ወጪን እንደሚያቀል፥ ተቀባይ ወደ ሌለበት አቅጣጫ ግመል መስደድም ኪሳራ እንደ ሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ይኸው ደንብ ዛሬ በመደብርና በመጋዘን ለሚዘረጋው የኮምፒውተር መረብም ይሠራል።

ለምሳሌ አንድ የመጋዘን ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚመዝን ሥዕል ይልካል እንበል። ይህንኑ ሥዕል 20 ተመልካቾች ቢፈልጉትና ለእያንዳንዱ ለየብቻው ቢላክ፥ ከካሜራው በሚወጣው መሥመር ላይ 80 ሜጋቢት ይጫናል። መልቲካስት በተባለው አሠራር ግን ሥዕሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተልኮ፥ መንገዱ በሚለያይበት ስፍራ ይባዛል። በዋናው መሥመር የሚያልፈው ስለዚህ ያው 4 ሜጋቢት ነው። በአሜሪካ የናስዳክ አክሲዮን ገበያም የዋጋ ለውጥን ለደንበኞቹ የሚያሠራጨው በዚህ ዐይነት ነው።

ለዚህ አገልግሎት ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያሉት አድራሻዎች ተለይተዋል። እነዚህም የአንድ መሣሪያ ሳይሆኑ የማኅበር አድራሻዎች ናቸው። ላኪው ዕቃውን ለማኅበሩ አድራሻ ይሰድዳል እንጂ አባላቱ እነማን እንደ ሆኑ አያውቅም። አባላቱን የመከታተል ኀላፊነት የራውተሩ ነው። ራውተሩና መሣሪያዎቹ ስለ አባልነት የሚነጋገሩበት ደንብ አይ.ጂ.ኤም.ፒ. ይባላል። የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1989 በስቲቭ ዲሪንግ ተጽፎ ወጣ፤ በ1997 የወጣው ሁለተኛው አባል ሲለቅ የሚያስታውቅበትን መንገድ ጨመረ፤ በ2002 የወጣው ሦስተኛው ደግሞ ተቀባዩ ላኪውን እንዲመርጥ ፈቀደ።

ራውተሩ መዝገቡን የሚጠብቀው በጥያቄ ነው። እንደ ተለመደው በየ125 ሴኮንዱ «አባል የሆነ አለን?» ብሎ ለሁሉም ይጠይቃል። አባላቱም በ10 ሴኮንድ ውስጥ ይመልሳሉ፤ ሁሉም በአንድ አፍታ እንዳይጮኹም እያንዳንዱ የተለያየ ጊዜ ይጠብቃል። ራውተሩ ለ260 ሴኮንድ ያህል አንድም መልስ ካልሰማ፥ በዚያ መሥመር ተቀባይ የለም ብሎ ማኅበሩን ከመዝገቡ ይፋቀዋል። አንድ አባል መልቀቁን ሲያስታውቅ ደግሞ ወዲያው አያቋርጥም፤ ሌላ አባል ቀርቶ እንደ ሆነ በአንድ ሴኮንድ ልዩነት ሁለት ጊዜ ጠይቆ፥ መልስ ሲያጣ ብቻ ያቆማል። በአንድ መሥመር ላይ ሁለት ራውተሮች ቢኖሩ በቍጥር አነስተኛ አድራሻ ያለው ጠያቂ ይሆናል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ለባለ መደብሩ ብዙ ኪሳራ የሚያመጣው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ስዊች የተባለው የመሥመር ማከፋፈያ መሣሪያ ይህን ንግግር በጎን እየሰማ፥ ሥዕሉን አባል ወዳለበት መሰኪያ ብቻ እንዲልክ ሊደረግ ይችላል። ነገር ግን በመረቡ ላይ ጠያቂ ከሌለ አባላቱ መጀመሪያ ሲገቡ ካስታወቁ በኋላ ደግመው የሚመልሱት ነገር የለም። ስዊቹም ጊዜው አለፈ ብሎ ይፍቃቸዋል። ስለዚህ ሥዕሉ መጀመሪያ በደኅና ይታይና አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይቋረጣል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ካሜራው ተበላሸ ብሎ በውጭ ምንዛሪ የመጣ ሌላ ካሜራ ይገዛል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል።

መድኀኒቱ በራውተሩ ወይም በስዊቹ ላይ የጠያቂነቱን ሥራ ማስጀመር ነው። የማዳመጡን ሥራ ማጥፋት ግን አይበጅም፤ ሥዕሉ ወደ መሰኪያው ሁሉ ይፈስና ገመድ አልባውን መሥመር ያጨናንቃልና። አስመጪውም ስዊች ሲያዝ ሁለቱንም፥ ማለት ማዳመጥንና መጠየቅን፥ የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ቢያረጋግጥ ይጠቀማል። ደግሞም ተራው ኢንተርኔት መልቲካስትን ከድርጅት ወደ ድርጅት ስለማያሻግር፥ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ ለሁለቱ ማገናኛ ሌላ መንገድ ማሰናዳት ይገባዋል።

እንግዲህ ሥዕል በተቋረጠ ጊዜ፥ ለአዲስ ካሜራ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ባለሙያውን «በዚህ መረብ ላይ ጠያቂው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው።