የፓሽን ፍሩት ሐረግና የፍሬው አቋጣጠር

ፓሽን ፍሩት መገኛው ደቡብ ብራዚል፣ ፓራጓይና ሰሜን አርጀንቲና የሆነ፣ ባገኘው ሁሉ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ሐረግ ነው። በብዛት የሚለሙት ዝርያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሐምራዊው ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል፣ ቢጫው ደግሞ ሙቀት ይወዳል። በአርሲ ጥቢላ፣ በላይኛው አዋሽ፣ ለጭማቂ ተብሎ በሰፊው የተተከለው ቢጫው ነው።

ችግኙ ውሃ በማይተኛበት መሬት ይተከላል፤ ሁለት ሜትር ገደማ ቁመት ባላቸው ምሰሶዎች ላይ በተወጠረ ሽቦም እንዲሳብ ይደረጋል። አበባ የሚያወጣው አዲስ በበቀሉ ቅርንጫፎች ላይ በመሆኑ ያረጀው መገረዝ አለበት። ዩሪያ ከበዛበት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አበባው ግን ይሳሳል።

ብዙ አልሚዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ሐረጉ በአበባ ተሸፍኖ ፍሬ ሳይቋጥር ሲቀር ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ሳይሆን የርክበ ብናኝ ጉድለት ነው። በአበባው ውስጥ አምስት ወንዴዎች ብናኛቸውን ወደ ታች አዙረው ይንጠለጠላሉ፤ ሦስቱ የሴቴ ጫፎች ከእነሱ በላይ ይቆሙና አበባው ከተከፈተ በኋላ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይታጠፋሉ። ብናኙ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም። የማር ንብም ለዚህ አበባ ትንሽ ናት፤ ብዙ ጊዜ ሴቴውን ሳትነካ ትመለሳለች። ሁነኛዋ አገናኝ በደረቅ እንጨት ውስጥ ቦርቡራ የምትኖረው ትልቋ ጥቁር ንብ ናት፤ የአበባውን ማር ስትቀስም ጀርባዋ ከወንዴውም ከሴቴውም ጋር ይነካካል። ስለዚህ በማሳው ዳር የደረቀ ግንድ መተው ጥሩ ዘዴ ነው፤ አበባ በተከፈተበት ሰዓት ፀረ ተባይ መርጨት ግን ምርቱን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

ሐምራዊው በራሱ ብናኝ ያፈራል። ቢጫው ግን የራሱን አይቀበልም፤ ከአንድ እናት ሐረግ ተቆርጠው የተተከሉም እርስ በርስ አይረዳዱም። በዘር የተለያዩ ሐረጎች ጎን ለጎን መተከል አለባቸው።

ንብ ከጠፋ ሥራው በእጅ ይሠራል። የቢጫው አበባ እኩለ ቀን ገደማ ተከፍቶ ማታ ስለሚዘጋ፣ ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ሐረግ በጣት ወይም በለስላሳ ብሩሽ የተነሳው ብናኝ በሌላው ሐረግ አበባ ሦስት የሴቴ ጫፎች ላይ ይቀባል። ብናኙ ውሃ ሲነካው ስለሚፈነዳ አበባው መራስ የለበትም። ብናኙ ሲበዛ የፍሬው ዘር ይበዛል፤ ጭማቂው ያለው እያንዳንዱን ዘር በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ስለሆነ ፍሬው ይከብዳል። የቋጠረው ፍሬ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይበስልና በራሱ ይወድቃል፤ የሚሰበሰበውም ከመሬት ላይ እየተለቀመ ነው።