የነጣ ኮራል ሁሉ የሞተ አይደለም

በአንድ ቤት ሳሎን ውስጥ የባሕር ውኃ የተመላ የመስተዋት ገንዳ አለ እንበል። ባለፈው ሳምንት ቡናማና አረንጓዴ ኾኖ ያማረው ኮራል ዛሬ እንደ ኖራ ነጥቷል። ባለቤቱ ደንግጦ «ይኸ ሞቷል» ይልና አውጥቶ ሊጥለው እጁን ይሰዳል። ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሰው ጥቂት ቢታገሥ አንድ ሕያው ፍጥረት ከሞት ሊያድን ይችላል።

ሕያው ፍጥረት ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ኮራል፥ በሌላ ስሙ መርጃን፥ ለብዙ ዘመን እንደ ድንጋይ ወይም እንደ ባሕር ተክል ሲቈጠር ኖሯል። ዣን አንድሬ ፔሶኔል የተባለው የማርሴይ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1720ዎቹ ዓመታት እንስሳ መኾኑን ቢያስረዳ እንኳ በጊዜው የነበሩት ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር። በእርግጥም ኮራል ማለት ብዙ ደቃቅ እንስሶች ተያይዘው የሚኖሩበት ማኅበር ሲኾን፥ ድንጋይ የሚመስለው አጽማቸው ነው። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነዚህም ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ለባለቤቱ ያካፍላሉ፤ ቀለሙም በአብዛኛው የእነርሱ ነው። ውኃው ሲሞቅ ወይም ብርሃኑ ሲበረታ ኮራሉ እነዚህን ደባሎቹን ያስወጣል። ያን ጊዜ ሥጋው ጥርት ስለሚል ነጩ አጽም ወደ ውጭ ይታያል። ስለዚህ ንጣቱ የረኃብ መጀመሪያ ነው እንጂ ሞት አይደለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ በሽተኛውን መመርመር ነው። በአጽሙ ላይ ስስ ሥጋ ካለ፥ ማታም መብራት ሲጠፋ ጥቃቅን ጣቶቹን ከዘረጋ፥ ሕይወት አለው። ሥጋው ተልጦ ባዶውን አጽም አረንጓዴ አልጌ ከሸፈነው ግን ያ ክፍል አልቆለታል።

ሁለተኛው ውኃውን መለካት ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፥ ጨው በሊትር 35 ግራም ያህል፥ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም ቢኾን ይስማማዋል። ጉድለት ቢገኝ ግን በአንድ ቀን ለማስተካከል መጣደፍ ሌላ በሽታ መጨመር ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ ከውኃው ዐሥር እጅ አንዱን ብቻ ቀድቶ፥ በሙቀትና በጨው እኩል በኾነ አዲስ ውኃ መተካት ይሻላል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪንና መዳብ ሊኖረው ስለሚችል ጨው የሚበጠበጠው በተጣራ ውኃ ነው። ለዓሣ ሕመም የሚሰጥ መዳብ ያለበት መድኃኒትም ለኮራል መርዝ ስለ ኾነ በዚያ ገንዳ ከቶ አይጨመር።

ሦስተኛው ዕረፍትና ምግብ ነው። ብርሃኑን ቀነስ አድርጎ፥ ማታ ጣቶቹን ሲዘረጋ አዲስ የተፈለፈሉ የጨው ውኃ ሽሪምፖችን በጥቂቱ ማቅረብ ነው። ቀለሙ መመለስ ሲጀምር ብርሃኑን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ ይጨምሩለታል።

ሥጋው በፍጥነት እየተላጠ የሚሄድ ከኾነ ግን ያለው ተስፋ መቍረጥ ነው። ጤነኛውን ቅርንጫፍ በጉጠት ቆርጦ፥ በሱፐር ግሉ ሌላ ድንጋይ ላይ አጣብቆ፥ ንጹሕ ውኃ ባለው ሌላ ገንዳ ማስቀመጥ ነው። አንዳንድ የኮራል ዘመዶች ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ስላላቸው ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካም።

መቍረጥ እንደሚያድን ያስተማረ አንድ ድንገተኛ ነገር አለ። ዴቪድ ቮን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በፍሎሪዳ ኮራል ሲያዛውር ተሰበረበት፤ ገንዳው ውስጥ የቀሩት ስብርባሪዎች ግን እርሱ ካሰበው በላይ ፈጥነው አደጉ። ዛሬ በዚህ ዘዴ የተባዙ ኮራሎች በባሕር ውስጥ ይተከላሉ። በ2023 በጋም የፍሎሪዳ ባሕር እጅግ በሞቀ ጊዜ፥ ሠራተኞች ብዙ ሺህ ኮራሎችን አውጥተው በየብስ ባሉ ገንዳዎች አስጠልለዋል።

በሳሎን ያለው በሽተኛ ቀለሙ እስኪመለስ ሳምንታት፥ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። ሁሉም አይድንም። ኾኖም አንድ ቀን ጧት በነጩ ላይ ቀጭን ቡናማ ጥላ ብቅ ሲል ያየ ሰው፥ ሳይጥለው በመቅረቱ ደስ ይለዋል።