የጃፓን ሻይና ትንሿ በር

ጃፓን በእስያ ምሥራቅ ያለች፣ በባሕር የተከበበች አገር ናት። ሻይ የመጣላት ከቻይና ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1191 ዓ.ም. ኤይሳይ የሚባል የቡድሃ መነኩሴ ከቻይና የሻይ ዘር ይዞ እንደተመለሰ ይነገራል። መነኮሳቱ በጽሞና ሲቀመጡ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ሻይ ይጠጡ ነበር።

አፈላሉ እንዲህ ነው። ቅጠሉ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። ዱቄቱ በሸክላ ጽዋ ተደርጎ ሙቅ ውሃ ይጨመርበታል። ከዚያ አረፋ እስኪያወጣ በቀርከሃ መምቻ ይመታል። እንግዳው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ እጅ ነስቶ ይጠጣል።

ኋላ ግን ባለጸጎች በውድ ዕቃ ይፎካከሩ ጀመር። የአገሩ ገዢ ሂዴዮሺማ የሻይ ክፍሉን በወርቅ አስለበጠ። ሴን ኖ ሪኪዩ የተባለው የሻይ መምህር ግን ግድግዳዋ ጭቃ የሆነ ትንሽ ጎጆን መረጠ። በሯ እጅግ ዝቅ ያለች ናት። ጌታም ይሁን ነጋዴ ጎንበስ ካላለ አይገባም። ጦረኛውም ሰይፉን ደጅ ይተዋል። ውስጥ ሲገቡ ሁሉም እኩል እንግዳ ነው።

በ1591 ሂዴዮሺ በሪኪዩ ተቆጣ፤ ራሱን እንዲገድል አዘዘው። ሪኪዩም ሞተ። የወርቁ ክፍል ጠፍቷል። በትንሿ በር ግን የጃፓን ሰዎች ዛሬም ጎንበስ ብለው ይገባሉ።