ሰበቃ፦ የጊታር ባላንጣ፣ የክራር ዘመድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት መገናኛ አካባቢ በተከራየናት ጠባብ የልምምድ ክፍል ውስጥ አንድ ጓደኛችን የኤሌክትሪክ ጊታሩን ድምፅ ማወዛወዣ ዘንግ እስከ ጥግ ተጭኖ ለቀቀው። ድምፁ ቁልቁል ወረደና እንደ እንጦጦ ጅብ ሽቅብ እየጮኸ ተመለሰ። የተነሣበት ቦታ ላይ ግን አልቆመም፤ አለፈው። ቀጣዩን ዘፈን ስንጀምር ዘፋኟ ዞር ብላ ገላመጠችው። እሱ ደግሞ የጊታሩን መቃኛዎች ገላመጠ። ምስኪን መቃኛዎች! ንቅንቅ አላሉም ነበር።

ጥፋቱ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ነው፤ ክሮቹ ከጊታሩ ራስ ወደ አንገቱ ሲወርዱ በሚያርፉባት ቀጭን ድጋፍ ላይ። ጊታሪስቶች ነት ይሏታል። (ጋራዥ የለመደ አንባቢ ዳዶ እንዳይመስለው። ከአጥንት ወይም ከፕላስቲክ የምትሠራ፣ ስድስት ቦይ ያላት ቁራጭ ናት።) ዘንጉ ሲጫን አንገቱ ላይ ያለው ክር ይረግባል፤ ከነቷ ማዶ ያለው ግን እንደተወጠረ ስለሆነ ጥቂት ክር ወደ መቃኛው ይስባል። ዘንጉ ሲለቀቅ የተሳበው ሁሉ መመለስ ነበረበት። ሰበቃ ግን ቦይዋ ውስጥ ቀርቅሮ ያስቀረዋል።

ምን ያህሉን? 648 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመት ባለው ጊታር ላይ፣ 0.23 ሚሊ ሜትር የምትወፍረው ቀጭኗ ክር ተቃኝታ ስታበቃ የተለጠጠችው 4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ነቷ ማዶ ቢቀር የክሯ ውጥረት በ2 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ድምፅ የሚከተለው የውጥረትን ካሬ ሥር ስለሆነ ድምጿ በ1 ከመቶ ይቀጥናል። ይህም የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ዘፋኟን ያስገላመጣት ያ ወረቀት ነው።

ዘንጉን በሰፊው ያስለመደው አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ስትራቶካስተር ላይ ክሮቹ ዘንጉ የተተከለበትን የታች ድጋፋቸውን፣ ብሪጁን፣ ወደ ፊት ሲጎትቱት ከጊታሩ ጀርባ የተደበቁ ሞላዎች ወደ ኋላ ይይዙታል። የስድስቱ ክሮች ጉልበት ሲደመር እንደ ውፍረታቸው ከ38 እስከ 46 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭነት በአንዲት የብረት ሳህን ላይ እየተመዘነ ነው የሚዘፈነው። ፌንደር ዘዴውን ትሬሞሎ ብሎ ስም ሲያወጣለት ግን ተሳስቷል። ትሬሞሎ የድምፅ ጉልበት ሲዋዥቅ ነው፤ ድምፅ ሲቀጥንና ሲወፍር ቪብራቶ ይባላል። ስሕተቱ 70 ዓመት አልፎታል፤ እኔ ዘንግ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጂሚ ሄንድሪክስ በዚህ ዘንግ ያን ሁሉ ተአምር የሠራው የሚቆለፍ ነት ሳይኖር ነበር። መድረክ ላይ እየተጫወተ ጊታሩን ደጋግሞ ይቃኝ ነበር። በ1970 ሲሞት መፍትሔው ገና አልተወለደም።

ብዙዎች ሰበቃን ለመቀነስ ሞክረዋል። ቦዩን በእርሳስ ፍሬ የሚያሹ አሉ፤ ለኪስም የማይከብድ፣ ዛሬም የምመክረው ዘዴ ነው። በነት ፋንታ ተሽከርካሪ ድጋፍ የገጠሙም አሉ። የጌጣጌጥ ሥራ የሚያውቀው ጊታሪስት ፍሎይድ ሮዝ ግን በተቃራኒው ሄደ። ክሩ መንሸራተቱ ካልቀረ ጨርሶ እንዳይንቀሳቀስ ነቷ ላይ በብረት ጠፍንጎ ያዘው፣ በሌላው ጫፍም ብሪጁ ላይ ጠፈነገው። ፓተንቱን በ1979 አገኘ። ከዚህ በኋላ ዘንጉ የፈለገውን ያህል ቢጫን በነቷ በኩል የሚያልፍ ክር የለም።

መፍትሔው የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። የነቷ ብሎን ሲጠብቅ ክሩን ይጫነዋል፤ የተቃኘው ድምፅም ይዛነፋል። ያኔ የጊታሩ ራስ ላይ ያለውን መቃኛ ማዞር ከንቱ ነው፤ ክሩ ከመሃል ተቆልፏል። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብሪጁ ላይ በጣት የሚዞሩ ትናንሽ ማስተካከያዎች ተጨመሩ። ብሪጁ የሚወዛወዝባቸው ሁለት ስለታም ጠርዞችም ጠንካራ ብረት ይፈልጋሉ። በርካሽ ቅጂዎች ላይ ጠርዙ ይዶለዱማል፤ ሰበቃም አድራሻ ቀይሮ ይመጣል።

አሁን ክራር እናንሣ። ክራር ሠሪ ሰበቃን አይሸሽም፤ ያሠማራዋል። በባህላዊው ክራር ላይ ክሩ ቀንበሩ ላይ ከጨርቅ ወይም ከቆዳ ጋር ተጠምጥሞ የሚቆመው ያለ ጥርስና ያለ ብሎን፣ በሰበቃ ብቻ ነው። ምስጢሩን እረኛ ያውቀዋል፤ የበሬውን ገመድ ግንድ ላይ ሁለት ዙር ከጠመጠመ በአንድ እጁ ይይዘዋል። የሰበቃው መጠን 0.3 ቢሆን አንድ ሙሉ ዙር የመያዝ ኃይሉን ከ6 እጥፍ በላይ ያደርገዋል፣ ሁለት ዙር ከ40 እጥፍ በላይ።

የክራር ክር እንደ ጊታር አንገት ላይ ስለማይጫን እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው። ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር ጠምዘዝ አድርጎ መቃኘት አለበት። በብሎን ቢቆለፍበት በየዘፈኑ መሃል ቁልፍ ሲፈልግ ያመሻል። ጊታር አንገቱ ላይ ሁሉም ግማሽ ድምፆች ስላሉት አራቱም ቅኝቶች በጣት ይገኛሉ። የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩምና መሰሎቹ ትዝታን በጊታር ያዜሙት በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ቁልፉ ለጊታር ይሆናል፣ ለክራር እስር ቤት ነው። ጊታሪስቱም ቢሆን ባለ ቁልፍ ጊታሩ ላይ የአንዱን ክር ቅኝት ልቀይር ካለ፣ የሞላና የክር ሚዛኑ ስለሚናጋ አምስቱም ሌሎች ክሮች ይዛነፋሉ። አንዱ ከተበጠሰማ ሞላዎቹ ያሸንፉና የቀሩት ሁሉ ይቀጥናሉ።

ቁልፉ የማይችለው ሌላም ነገር አለ፤ የአዲስ አበባን ብርድ። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ከሚሊዮን 12 ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። በኅዳር ቀትር ላይ የተቃኘ ጊታር ማታ በ13 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ የእንጨቱን ለውጥ ትተን ቀጭኗ ክር ብቻዋን ያንኑ የወረቀት ውፍረት ያህል ታጥራለች። ነቷ ብትቆለፍም ባትቆለፍም ድምፁ ይቀጥናል። በዚያ ወር ማታ እንጦጦ ሥር ውጪ የሚጫወት ባንድ ጊታሩን ከሻንጣው አውጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መቃኘት፣ በመጨረሻም መቆለፍ አለበት።

ያገለገለ ባለ ቁልፍ ጊታር የምትገዙ ከሆነ ከቀለሙ በፊት የብሪጁን ሁለት ጠርዞች እዩ። ዘንጉን ተጭናችሁ ልቀቁትና ድምፁ ወደ ቦታው መመለሱን አዳምጡ። ባለ ስድስት ጎኗን ትንሽ ቁልፍም ከሻጩ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ፤ እሷ ከሌለች የተበጠሰ ክር መቀየር አይቻልም።