ስለ ቤት እጣቢ ውሃና ስለ ጕድጓድ ፍግ፤ ለወረዳ ሹማምንት

የገበሬ ሀብት ከመሬት ይወጣል፤ ወደ መሬትም ካልተመለሰ መሬት ይደኸያል። ከብት ያለው ሰው የከብቱን ፍግ ወደ ጓሮው ያወጣል፤ ከቤት የሚወጣው እድፍና እጣቢ ውሃ ግን በየደጁ ይደፋል። በእስቴ መካነ ኢየሱስ፥ በጋይንትና በስማዳም ባሉ ደጋ ቀበሌዎች ክረምት በገባ ጊዜ ጐርፍ በየሜዳው የተጣለውን እድፍ ጠርጎ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ከዚያ ውሃ የሚጠጣ ሕፃን በተቅማጥና በወስፋት ይያዛል። እንግዲህ ለእርሻ ሊረባ የሚችለው ነገር የልጅ መቅሠፍት ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ለማቃናት ተማሪዎችን ወደ ባላገር መላክ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ባንድነት እያስተማረ፥ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወጥተው እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። እስቴም በዚያ ዘመን በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበረች።

በ1979 ዓ.ም. ደግሞ በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ይኸውም ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. የዚህ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በኤውሮፓ ኅብረት ርዳታ፥ ከከተማው ቤተ ሰቦች ጋራ እድፍን ለልማት ስለ ማዋል ሠርተዋል። ከሥራዎቹም ሁለቱ ለገበሬ የሚረቡ ናቸው።

አንደኛው ስለ እጣቢ ውሃ ነው። ጆንያ በእንጨት ተወጥሮ ይቆማል፤ በመካከሉ ድንጋይ እንደ ምሰሶ ይደረደራል፤ በዙሪያው አፈር፥ የበሰለ ፍግና የእንጨት ዐመድ ተቀላቅሎ ይሞላል። በጎኑ በተበሳው ቀዳዳም ጎመን ይተከላል። የቤት እመቤት የዕቃና የልብስ እጣቢ በድንጋዩ ላይ ስታፈስ፥ ውሃው በአፈሩ እየተጣራ ተክሉን ያጠጣል።

ሁለተኛው በተራ የሚሠራ ሁለት የመጸዳጃ ጕድጓድ ነው። በየጊዜው ዐመድና አፈር ይነሰነስበታል፤ አንዱ ሲሞላ ይደፈንና ሌላው ይከፈታል፤ የተደፈነውም ሲበስል ፍግ ይሆናል።

ነገር ግን አርባ ምንጭ ቆላ ነው፤ መካነ ኢየሱስ ደጋ ነው። የወስፋት እንቍላል በብርድ አገር ቶሎ አይሞትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ባወጣው መመሪያ፥ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ አገር እድፉ ከ1 ዓመት በላይ እንዲቆይ፥ ከዚያ በታች በሆነ ግን ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት እንዲቆይ አመልክቷል። ስለዚህ በእስቴ የሚቈፈረው እያንዳንዱ ጕድጓድ ለቤተ ሰቡ 2 ዓመት የሚበቃ መሆን አለበት። ጠባብ ከሆነ ሁለተኛው ቀድሞ ይሞላል፤ ፊተኛውም ሳይበስል ይከፈታል፤ በሽታውም ከፍጉ ጋራ ወደ እርሻ ይወጣል። ስፍራውም ከምንጭ በታችና ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ ይሁን።

ተማሪ ጥቂት ወራት ቆይቶ ይሄዳል፤ ጕድጓዱ ግን ከባለቤቱ ጋራ ይኖራል። እንግዲህ ሹም የሆነ ሰው መሐንዲስ ተማሪዎች ወደ ወረዳው በመጡ ጊዜ፥ ስንት ጕድጓድ ተቈፈረ ብሎ ብቻ አይጠይቅ። ዐመዱን የሚነሰንሰው ማን ነው፤ የተደፈነበትስ ቀን የት ተጽፏል ብሎ ይጠይቅ። ቀኑ በመጸዳጃው በር ላይ ተጽፎ ቢገኝ፥ ተማሪው ከሄደ በኋላም ባለቤቱ ጊዜውን ጠብቆ ይከፍታል፤ ፍጉንም ለጌሾውና ለገብሱ ያለ ሥጋት ያውለዋል።