«ሚስ አድርጌሻለሁ» ወይስ «ናፈቅሽኝ»?



በአማርኛ ትምህርት ቤት ጋዜጣ ላይ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ መጻፍ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። ያመጣው «ሚስ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ሲሰሙትና ሲሉት ይውላሉ፤ አማርኛ ሲናገሩ ደግሞ ድምፁ ባይሰማም ከኋላ ሆኖ አረፍተ ነገራቸውን ይመራዋል። በክፍሎቻችን ውስጥ የዚህን ያህል ደጋግሞ የሚያስቸግረን ግሥ የለም።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ስልክ ላይ ነው። እሑድ እዚህ ሊቶኒያ ረፋድ ሲሆን አገር ቤት አመሻሽ ነው። ልጁ ስልኩን ይቀበልና «እማማ፣ ናፈቅኩሽ!» ይላል። ሊል የፈለገው አያቱ እንደናፈቁት ነው። ያለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ «እኔ ላንቺ ናፍቄሻለሁ፣ የምትናፍቂው አንቺ ነሽ» እንደማለት። አያትም «አዎ የኔ ጌታ፣ በጣም ናፈቅከኝ» ብለው ይመልሳሉ። ልጁ በራሱ ስሌት ሲተረጉመው እሳቸው ስለ እሱ ናፍቆት ያወሩ ይመስለዋል። ሁለቱም አንዱ የሌላውን በተገላቢጦሽ እየሰማ፣ ደስ ብሏቸው ያወራሉ። ይህ እንግዲህ ጥሩው ቀን ነው። ሌላ ቀን ግን ስልኩ አጠገብ ያለ አጎት ወይም አክስት በፍቅርም ቢሆን ይስቃል። ልጁ ምን እንዳሳቀ ሳይገባው ስልኩን ለእናቱ ይመልሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት «ሰላም፣ ደህና ነኝ» ብሎ ብቻ ይሮጣል። እኛን የሚያሳስበን ይሄኛው ነው። ስህተቱ በጊዜው ይስተካከላል፤ ዝም ማለት የለመደን የአሥር ዓመት ልጅ እንደገና ማናገር ግን ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ነገሩን ዘርዘር አድርገን እንየው። በእንግሊዝኛው የአረፍተ ነገሩ ባለቤት የሚናፍቀው ሰው ነው፤ አያት ተሳቢ ናቸው። በአማርኛ ይገለበጣል። «አያቴ ናፈቀችኝ» ስንል፣ ሩቅ አገር ቁጭ ብላ ቡናዋን የምታፈላው አያት፣ ምንም ሳታደርግ፣ የግሡ ባለቤት እሷ ናት። እኔ ያለሁት በመጨረሻዋ «ኝ» ላይ ብቻ ነው። ናፍቆት እንደ ብርድና እንደ ረሃብ የሚደርስብኝ ነገር ነው ማለት ነው።

ይህ አሠራር ደግሞ ለልጆቹ እንግዳ አይደለም። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ የሚሉትን ገና በጨቅላነታቸው ሳይሳሳቱ ይሏቸዋል። ልዩነቱ እነዚህ ላይ ባለቤቱ ስለማይለዋወጥ «ራበኝ»ን እንደ አንድ ቃል አድርገው ይይዙታል። «ናፈቀ» ግን እንደሚናፈቀው ሰው ይለዋወጣል፤ አባቴ ናፈቀኝ፣ እህቴ ናፈቀችኝ፣ አንተ ናፈቅከኝ፣ አንቺ ናፈቅሽኝ፣ አንቱ ለምንላቸው ደግሞ ናፈቁኝ። (በነገራችን ላይ «ቀ» ራሷ ብዙ ልምምድ ትፈልጋለች። ቃሉ ልክ ሆኖ «ናፈከችኝ» ብለው ቢያወጡት እኛ እናልፈዋለን፤ እናንተም እለፉት።)

ለትክክለኛነት ያህል፣ አማርኛም የሚናፍቀውን ሰው ባለቤት የሚያደርግበት ቦታ አለው። «ሰላምን የሚናፍቅ ሕዝብ» ይባላል፤ በፖለቲካ ንግግር ደግሞ «የድሮ ሥርዓት ናፋቂ» የሚል ስድብ አለ። ይህ ግን የጽሑፍና የመድረክ አማርኛ ነው። ስልክ ላይ ለአያት አይባልም።

ታዲያ ልጆቹ «ናፈቅኩሽ»ን ከየት አመጡት? ግማሹ ከእንግሊዝኛው ነው። ሌላው ግማሽ የሚመጣው ከቤታችን ነው። «ሚስ አድርጌሻለሁ እኮ!» የሚለውን ማን ያላለ አለ? እንግሊዝኛን ከ«ማድረግ» ጋር ማጣበቅ የዲያስፖራ ብቻ ልማድ አይደለም፤ አዲስ አበባም «ካንስል አድርገው» ይባላል፤ «ሚስኮል አድርግልኝ» ማለትም የታወቀ ነው፤ ደውለህ ሳይነሳ ዝጋው ለማለት። በዚህ ጉዳይ ማንንም ለመቆጣት አይደለም የምንጽፈው። ቀኑን ሥራ ላይ ውሎ፣ አይ-20 ላይ በትራፊክ ተይዞ ለመጣ ሰው ቃል መምረጥ ቅንጦት ነው።

ደግሞ አብዛኞቹ ቅይጦች ብዙ ጉዳት የላቸውም። «መኪናውን ፓርክ አደረግኩ» የሚል ልጅ «አቆምኩ»ን ሲማር አንዱን ቃል አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ብቻ ነው፤ በሁለቱም አረፍተ ነገሮች የሚሠራው እሱ ነውና። «ሚስ አድርጌሻለሁ» ላይ ግን ይሄ አይሠራም። ቃሉ አማርኛ ለብሷል እንጂ አጥንቱ የእንግሊዝኛው ነው፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ልጁ «ሚስ አድርጌ»ን አውጥቶ «ናፍቄ»ን ሲያስገባ የሚያገኘው «ናፍቄሻለሁ» ነው። ስለዚህ ከቅይጥ ቃላት ሁሉ አንዱን ብቻ ከቤታችሁ አስወጡ ብንባል፣ እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። ሌሎቹ ይቆዩ።

ትልልቆቹ ልጆች የቃል ምንጭ ሲነገራቸው ይወዳሉ። ሊቶኒያ የሚለው ስም «ሊቶስ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል፣ ማለትም ከድንጋይ፣ መምጣቱን ስንነግራቸው የአካባቢውን ግራናይት የሚያውቁት ወዲያው ይገባቸዋል። «ሚስ»ም ጥሩ ታሪክ አለው። እንግሊዝኛ ከላቲን ወይም ከፈረንሳይኛ የተዋሰው አይደለም፤ ከነጀርመንኛ ጋር የሚጋራው የቆየ የራሱ ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሚሳን» ሲባል ትርጉሙ መሳት ነበር፣ ዒላማን አለመምታት። «ቤዎልፍ» በሚባለው፣ የዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ በብራና በተገለበጠው ረጅም ግጥም ውስጥ፣ አንድ ልዑል በቀስት ሲወረውር ዒላማውን ስቶ ወንድሙን ይገድላል፤ እዚያ ላይ ያለው ግሥ ይኸው ነው። ከመሳት ወደ አለማግኘት፣ ካለማግኘት የሰውን አለመኖር ወደ ማስተዋል ሄደ። አለመኖሩን አስቦ ማዘን የሚለውን ትርጉም የያዘው በ15ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ነው። አስተማሪን «ሚስ» ብሎ መጥራት ግን ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ እሱ «ሚስትረስ» ከሚለው ያጠረ ሌላ ቃል ነው።

እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ስለያዘ ልጁ አማርኛ ላይ ሲደርስ አንድ ቃል ይፈልጋል። አማርኛ ደግሞ በትኖታል። ኳስ ተጫዋቹ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሳተ። ልጁ ታሞ ከትምህርት ቤት ቀረ። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ጎደለ። ድመቷ ጠፋች። አውቶቡሱ ደግሞ አመለጠኝ፤ እዚህም ላይ ባለቤቱ አውቶቡሱ ነው፣ ሮጦ ያመለጠው እሱ ነው። የአትላንታ አውቶቡስ ስሙ ማርታ መሆኑ ለእኛ ጠቅሞናል፤ «ማርታ አመለጠችኝ» ያለ ልጅ ክፍሉን ካሳቀ በኋላ ይህን ግሥ አይረሳውም። ራቅ ብሎ ለሚገኝ ምግብም ቃሉ ሌላ ነው። ካምፕ ሄዶ ሦስት ቀን ሳንድዊች የበላ ልጅ እንጀራ አማረው፤ «እንጀራ ናፈቀኝ» ቢልም ያስኬዳል፣ ግን «አማረኝ» ሆድ ላይ ትቀርባለች። አገር፣ ሰፈር፣ የድሮ ጓደኛ ድንገት ትዝ ሲል ደግሞ «ውል አለኝ» አለ፤ ይህንን ከእናንተ ካልሰሙ ከየትም አይሰሙትም።

አንድ ጨምረን እንለፍ። እኛ ሰው ናፍቆን ሳለ ናፈቅከኝ የማንልበት ጊዜ ብዙ ነው። «ምነው ጠፋህ!» እንላለን። ልጁ ይህንን ሲሰማ ግራ ይገባዋል፤ «አልጠፋሁም፣ እቤት ነበርኩ» ብሎ የመለሰ አለ። ወቀሳ ይመስላል እንጂ ናፍቆት ነው ብላችሁ አስረዱት፤ አለዚያ አክስቱ ተቆጣችኝ ብሎ ይደበቃል።

እንግሊዝኛው ብቸኛው ልክ መንገድ እንዳልሆነ ማሳየትም ይረዳል። ፈረንሳይኛ «ቱ ሜ ማንክ» ሲል «አንተ ትጎድለኛለህ» እንደማለት ነው፤ ባለቤቱ እንደኛው የተናፈቀው ሰው ነው። ስፓኒሽ ሁለቱንም ይዟል፤ «ቴ ኤክስትራኞ» እንደ እንግሊዝኛው፣ «ሜ አሴስ ፋልታ» እንደ አማርኛው። ጀርመንኛ ደግሞ ለሰው «ፈርሚሰን»፣ ላመለጠ ባቡር «ፈርፓሰን» ብሎ ለይቶታል። ሚድል ስኩል ስፓኒሽ የጀመረ ልጅ ካላችሁ በዚያ በኩል ግቡለት፤ እኛ ከሰሌዳ ላይ ሰንጠረዥ ይልቅ ይሄኛው ቶሎ ሲገባቸው አይተናል።

ለቤት የምንጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ስልክ ከመደወላችሁ በፊት ልጁን «ማን ናፈቀህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ማንን ሚስ አደረግክ?» አትበሉት። ጥያቄው ራሱ ባለቤቱን ቦታው ላይ ስላስቀመጠለት «አያቴ» ብሎ ይመልሳል፤ እናንተ «አያትህ ናፈቀችህ? በል ንገራት» ትሉታላችሁ፣ እሱም «ናፈቅሽኝ» የሚለውን ይዞ ስልኩን ይቀበላል። አንቱ የምትሉ ከሆነ «ናፈቁኝ» ይበል። ተሳስቶ «ናፈቅኩሽ» ቢል አታስቁሙት፤ ቀስ ብላችሁ «እኔም ናፈቀችኝ» ብላችሁ ጨምሩበት፣ ጆሮው ይሰማዋል። አጠገባችሁ የሚስቅ ሰው ካለ ደግሞ እሱን አስቁሙ።

ክፍል ውስጥ በዚህ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ ጥያቄ እየጠየቅን ነው። ትልልቆቹ አያት፣ የአጎት ልጅ፣ በፊት የነበሩበትን ትምህርት ቤት ያነሳሉ። ከትንንሾቹ አንዱ «ውሻዬ ናፈቀኝ» አለ። ውሻው ያለው ከዚህ አሥር ደቂቃ በመኪና ርቆ፣ ቤት ነው፤ ጠዋት ተሰነባብተው ነው የመጡት። ሰዋስዉ ግን እንከን አልነበረውም።